ከባቲ ወደ አምባሰል የሚሻገረው ክራር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ ክራር እጫወታለሁ። በአንድ ዘፈን መሃል ከባቲ ወደ አምባሰል ስሻገር ታላላቆቼ «ቅኝት አታበላሽ» ይሉኛል። አንድ እንግዳ ደግሞ ሮቢን ዊሊያምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊም ዜማ እያፈራረቀ ይጫወት እንደነበር አጫወተኝ። ማን ነው? የአገሩን ዜማ ትቶ ነው?
ክራር ተጫዋቹ፣ ከደሴ

መልስ፦ አልተወውም ልጄ! ሮቢን በ1943 ኤድንብራ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። ጣቱን ያፍታታው በስኮትላንድና በአየርላንድ ነባር ዜማዎች ነው፤ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ከክላይቭ ፓልመርና ከማይክ ሄሮን ጋር የመሠረተው «ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ» የመጀመሪያ አልበሙን በ1966 አወጣ።

ከዚያ ሮቢን ሞሮኮ ሄደ። ሲመለስ ጊምብሪ ይዞ መጣ፤ ቆዳ የተወጠረበት ባለ ክር መሣሪያ ነው። ባለቤቶቹ በጣት የሚመቱትን እርሱ በደጋን ገዘገዘው። የማሲንቆ ልጅ የሆነ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ እኔ እስከ ዛሬ ስሰማው ደስ ይለኛል። ሳይከደሊክ ፎክ የተባለው ሙዚቃቸው እንዲህ ነው፦ ነባሩ ዜማ ከሩቅ አገር ድምፅ ጋር ይዋሃዳል፤ አዝማች ሳይጠብቅ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ይፈስሳል። በ1968 ካወጧቸው አልበሞች አንዱ በብሪታንያ ሽያጭ 5ኛ ደረጃ ደርሷል።

በ1969 ዉድስቶክ በተባለው የአሜሪካ ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተጫወቱ፤ በ1974 ተበተኑ። እኔ አብልጬ የማከብረው ከዚያ በኋላ ያለውን ሮቢን ነው። አሜሪካ ሄዶ ኖረ፤ ሃርፕ የሚባለውን፣ እንደ በገና በጣት የሚመታ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ያዘ፤ የኬልቶችን (የእነ ስኮትላንድና አየርላንድ የጥንት ሕዝቦችን) ተረት በሃርፕ እያጀበ ለብቻው መድረክ ላይ ይተርክ ጀመር። በ2000 ደግሞ የዌልሱን ገጣሚ የዲላን ቶማስን ግጥሞች በዜማ አወጣ።

ታላላቆችህ የሚሉትን አትናቅ። ባቲን ብቻውን፣ አምባሰልንም ብቻውን ሰው እስኪያስለቅስ ትጫወታለህ? ከሆነ ተሻገር፤ ማንም አይከልክልህ። ካልሆነ ግን መሻገሩ ይቆይህ፤ ሮቢንም ሞሮኮ የሄደው የአገሩን ዜማ ጠንቅቆ ከያዘ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘፈኑ መሃል ላይ ክር እየወጠርክ አትቃኝ፤ የአድማጩ ስሜት ይበረዳል። እነ ሮቢን መድረክ ላይ መሣሪያ ይቀያይሩ ነበር። አንዱን ክራር በባቲ፣ ሌላውን በአምባሰል ቃኝተህ ሁለቱንም አጠገብህ አስቀምጥ። ሁለተኛው ክራር ከሌለህ ከጓደኛህ ተዋስ።