መልስ፦ አሉሚኒየም ላይ ቀለም እየተላጠ ነው፣ አኖዳይዝ ላስደርገው ወይስ ደግሜ ልቀባው?
ወንድሜ ቀለሙን ቶሎ አትውቀስ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከስሩ ያለው ዝግጅት ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ኦክሳይድ (ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር ሽፋን) ያወጣል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቅባት ካለ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ስለዚህ ቅባቱን በደንብ አጥበህ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ለአሉሚኒየም የተሰራ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ የስር ቀለም) ቀባው። አኖዳይዝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ኦክሳይዱ ከራሱ ከአሉሚኒየሙ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ይሆናል፣ ስለዚህ እንደ ቀለም አይላጥም። ብቻ መጨረሻ ላይ ኦክሳይዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በጣም በሞቀ ውሃ መደፈናቸውን ሰሪውን ጠይቀው፣ ካልተደፈኑ ቆሻሻ ይይዛል። እቃህ ማግኒዥየም ከሆነ ግን በጣም ተጠንቀቅ፣ ኮቲንጉ (የላይ ሽፋኑ) በተጫረበት ቦታ የብረት ብሎን ከነካውና እርጥበት ካገኘ ማግኒዥየሙ በፍጥነት ይበላል፣ መሀል ላይ የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገባ።