ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ከ6 ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፤ ከ2 ዓመት በፊት ደግሞ በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ። አሁን አሁን ምግብ ከበላሁ በኋላ ሆዴ ይነፋና እየመጣ እየሄደ ይቆርጠኛል፤ ጋዝ ሲወጣልኝ ለቀቅ ያደርገኛል። ሁለት ጊዜ አልትራሳውንድ ታይቼ «ምንም የለም» ተባልኩ። ጎረቤቴ «አንጀትሽ ተጣብቆ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሄደሽ ታሺ» ትለኛለች። እውነት አንጀት ይጣበቃል? ከተጣበቀስ በኦፕራሲዮን አይላቀቅም?
(ጠያቂ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይጣበቃል። ጎረቤትዎ በግማሽ ልክ ናቸው፤ የተሳሳቱት ወጌሻው ላይ ነው።

አንጀትን ከውጭ፣ የሆድን ግድግዳ ደግሞ ከውስጥ የሚያለብስ ስስ፣ እርጥብና አንሸራታች ሽፋን አለ። ሽፋኑ በቢላ፣ በመግል ወይም በደረቅ ጎዝ ፍትጊያ ሲቆስል በሰዓታት ውስጥ ፋይብሪን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ይወጣበታል። ሰውነት ሙጫውን በጥቂት ቀናት ካሟሟው ሽፋኑ በሳምንት ገደማ ይድናል። ካላሟሟው ጠባሳ ይሆንና አንጀትን ከአንጀት ወይም ከግድግዳው ጋር ያያይዛል። የፈነዳ ትርፍ አንጀት መግል ስለሚረጭ ለዚህ በጣም ያጋልጣል።

ሆዳቸው ተከፍቶ የታከሙ አብዛኞቹ ሰዎች ውስጥ መጣበቅ አለ፤ አብዛኞቹም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ስለዚህ ሌላው ምክንያት ሳይታይ ሁሉ ነገር በጠባሳ መሳበብ የለበትም። ቆመው ያስሉና የስፌቱን መስመር በእጅዎ ይዳስሱ፤ ወጣ ገባ የሚል እብጠት ካለ ሄርኒያ (በላላው ስፌት በኩል አንጀት ወደ ውጭ መገፋት) ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ያሳዩ። የሐሞት ጠጠርና የአንጀት ጥገኛ ተውሳክም ይታሰባሉ።

አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» ማለቱ አያስገርምም። የጠባሳው ክር ስስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በምስል አይታይም፤ የሚታየው ክሩ አንጀቱን ሲያጠብበው የሚፈጠረው መነፋት ነው። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይበልጥ የሚጠቅመውም ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ነው።

እሽታ ጠባሳ አይፈታም፤ የተነፋ አንጀትን ግን ሊጎዳ ይችላል። የጉሎ ዘይትና ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም መንገዱ ተዘግቶ ከኋላ እንደመግፋት ነው። ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፣ ክሩን መቁረጥ አዲስ ቁስል ነው፤ አዲስ ቁስል ደግሞ መልሶ ይጣበቃል። ሲላቀቅ አንጀት የሚበሳበት ጊዜም አለ። ለቁርጠት ብቻ ተብሎ ሆድ ባይከፈት ይመረጣል።

እስከዚያው ምግብዎን በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት አድርገው፣ በደንብ አላምጠው ይብሉ። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጥሬ ጎመንና የብርቱካን ነጩ ልጣጭ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚሰነቀሩ ይቀንሷቸው። ቁርጠቱ በተነሣ ቀን ቀለል ያለ ሾርባና ፈሳሽ ይበቃል።

የሚከተለው ከመጣ ግን ቤት አይቆዩ፦ ቁርጠቱ ፋታ የማይሰጥ ሕመም ከሆነ፣ አረንጓዴ ካስመለስዎት፣ ሰገራም ጋዝም ከቆመ፣ ትኩሳት ወይም የልብ መፍጠን ከታከለ። አፍዎ ምንም ሳይገባበት ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሆስፒታል ይሂዱ። እዚያ በአፍንጫ ቱቦ ጨጓራን ያራግፋሉ፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣሉ። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በቱቦው ሊሰጥም ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ትልቁ አንጀት ከደረሰ ብዙውን ጊዜ መዘጋቱ ያለ ቢላ ይፈታል። አንጀቱ ደም ተቋርጦበታል የሚል ምልክት ካለ ግን አይጠበቅም፤ ወዲያው ይከፈታል።

ጥያቄ፦ እህቴ ለማህፀን እጢ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዛለች። እንዳይጣበቅባት ምን ታድርግ?
(ጠያቂ፣ ከጂዳ)

መልስ፦ በላፓራስኮፒ (ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ኦፕራሲዮን) መሠራት ይቻል እንደሆነ ትጠይቅ፤ በአብዛኛው መጣበቁን ይቀንሳል። ዱቄት የተነሰነሰበት የሐኪም ጓንት ጥቅም ላይ እንዳይውልም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ስለሚያስቆጣ አሜሪካ ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አግዳዋለች። በማግስቱ መራመድ የእግር ደም እንዳይረጋ ይረዳል፤ መጣበቅን ይከላከላል የሚባለው ግን አልተረጋገጠም። ከሁሉ በላይ የኦፕራሲዮን ወረቀቷን ኮፒ ይዛ ትውጣ፤ ወደፊት ሆዷን የሚከፍት ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።