ኳድ ወይስ ጥበብ? ስለ ወንዶች ፊገር ስኬቲንግ ዳኝነት ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ የሚወዳደሩበትን) ባየን ቁጥር ከወንድሜ ጋር እንጨቃጨቃለን። እሱ «ስፖርት ነው፣ ከባዱን የዘለለ ያሸንፍ» ይላል። እኔ ግን አራት ደቂቃ ሙሉ ለዝላይ ብቻ ከዳር ዳር የሚከንፍ ሰው ሙዚቃውን በእግሩ የሚናገረውን ሲያሸንፍ ያንገበግበኛል። ለዝላይ ይህን ሁሉ ነጥብ እየሰጡ ጥበቡን እየገደሉት አይደለም ወይ?
ሙዚቃውን የምሰማው እህታችሁ

መልስ፦ ላስታርቃችሁ ብዬ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልልም። እኔ ወደ አንቺ አደላለሁ። የከሰስሽው ግን ሌላውን ነው። ዝላይ ብዙ ነጥብ ማስገኘቱ እኔን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ዳኞች የጥበቡን ነጥብ ዝላዩን እያዩ የሚሰጡ መምሰላቸው ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ነጥቡ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቴክኒኩ ነው፦ እያንዳንዱ ዝላይ የተቆረጠ መነሻ ዋጋ አለው፣ በዚያ ላይ 9 ዳኞች ጥራቱን አይተው ከ-5 እስከ +5 ይሰጣሉ፣ እያንዳንዷ ደረጃም የመነሻ ዋጋውን 10 በመቶ ትጨምራለች ወይ ትቀንሳለች። ሁለተኛው ኮምፖነንት የሚባለው ነው። ከ2022 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የፕሮግራሙ ቅንብር፣ አቀራረቡና የመንሸራተት ችሎታው። እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፣ በወንዶች ረጅሙ ፕሮግራም ደግሞ (ውድድሩ አጭርና ረጅም ፕሮግራም አለው፣ የሁለቱ ነጥብ ይደመራል) በ3.33 ይባዛል። ስለዚህ ጣሪያው 100 አካባቢ ነው። ቴክኒኩ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም።

ሉትዝ የአንድ ዝላይ ዓይነት ስም ነው። ኳድ ሉትዝ፣ ማለትም አየር ላይ አራት ዙር ዞረው የሚያርፉበት፣ መነሻ ዋጋው 11.5 ነው። ትሪፕል ሉትዝ፣ ሦስት ዙሩ፣ 5.9 ነው። ኳዱን ሞክሮ፣ ዙሩን ጨርሶ የወደቀ ሰው የዋጋውን ግማሽ ያጣል። ለመውደቁም 1 ነጥብ ይቀነስበታል። የሚተርፈው 4.75 ነው። ትሪፕሉን አሳምሮ +3 ያገኘው ግን 7.67 ይወስዳል። ጉዱ የነበረው እስከ 2018 ድረስ በሠራው ሰንጠረዥ ነው። ያኔ ኳድ ሉትዝ 13.6 ነበር፣ የወደቀበትም ሰው ቅጣቱ ሁሉ ተቀንሶ 8.6 ይቀረው ነበር፣ እንከን የሌለው ትሪፕል ሉትዝ ግን ቢበዛ ቢበዛ 8.1። አዎ፣ በደረቱ በረዶ የጠረገው ይበልጥ ነበር! ያ ተስተካክሏል። በዚያው ዓመት የወንዶቹ ረጅም ፕሮግራም ከአራት ደቂቃ ተኩል ወደ አራት ደቂቃ ወረደ፣ ዝላዩም ከ8 ወደ 7 ተቀነሰ። ስለዚህ ደንብ አውጪዎቹ ዝላዩን ለመግታት ምንም አልሠሩም ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ኮምፖነንቱ ነይ። ለአንዱ በሦስቱም 9.50፣ ለሌላው በሦስቱም 8.50 ቢሰጥ ልዩነቱ 10 ነጥብ ነው። ከአንድ ኳድ ሉትዝ ያንሳል። ይኸውም ዳኞቹ ከደፈሩ ነው። ብዙ ጊዜ አይደፍሩም። ሦስቱም ነጥቦች እንደ ወታደር ተሰልፈው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፣ ኳዶቹን ያሳረፈ ልጅም ትከሻውን እንኳ ሳያንቀሳቅስ አቀራረቡ «አስደናቂ» ሆኖ ይገኛል።

የ2010ሩን የቫንኩቨር ኦሎምፒክ አስታውሺ። ኢቫን ላይሳቼክ ያለ አንድ ኳድ ወርቅ ወሰደ። ኤቭጌኒ ፕሉሼንኮ ኳድ ቶሉፕን (ቶሉፕ ሌላ የዝላይ ዓይነት ነው) ከትሪፕል ቶሉፕ ጋር አያይዞ ዘሎ በ1.31 ነጥብ ተበለጠ። ዓለም ሁሉ ስለ ኳዱ ተጨቃጨቀ። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው፦ በረጅሙ ፕሮግራም የሁለቱም ኮምፖነንት ድምር 82.80 ነበር። እኩል! በአንድ ዓይነት መንገድ የማይንሸራተቱ፣ ፕሮግራማቸው የማይገናኝ ሁለት ሰዎች። ዳኞቹ ጥበቡን ለይተው ቢመዝኑ ኖሮ አንዱ በግልጽ ይበልጥ ነበር፣ ክርክሩም የረባ ይሆን ነበር።

ተቃራኒውም አለ። በ2013ቱ የዓለም ሻምፒዮና ፓትሪክ ቻን በረጅሙ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ወድቆ አሸነፈ። የካዛክስታኑ ዴኒስ ቴን ረጅሙን ፕሮግራም በልጦት በጥቂቱ ሁለተኛ ወጣ። የቻንን አንሸራተት የሚጠላ ሰው አላውቅም፣ እኔም አልጠላም። ግን ያን ቀን የኮምፖነንት ነጥቡ የተሰጠው ለሠራው ነው ወይስ ለስሙ? መጠየቅ ያስኬዳል።

ዳኞቹን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ 12 ነገር ይታያል፦ 7 ዝላይ፣ 3 ሽክርክሪት፣ የእግር እርምጃውና ነጻ ጥበባዊ ክፍሉ። ለእያንዳንዱ የጥራት ነጥብ ይሰጣሉ። ዓይናቸው መነሻውንና ማረፊያውን ሲያሳድድ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ «ሙዚቃውስ እንዴት ነበር?» ይባላሉ። መድኃኒቱ ዳኞቹን ለሁለት መክፈል ነው ባይ ነኝ። ግማሾቹ ጥራቱን ብቻ፣ ግማሾቹ ኮምፖነንቱን ብቻ ይዩ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ ቆይቷል።

ለወንድምሽም አንድ ነገር ንገሪው። በ2022 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ጄሰን ብራውን አንድም ኳድ ሳይዘል በ281.24 ነጥብ 6ኛ ወጥቷል። ወርቁን የወሰደው ኔታን ቼን 332.60 ነበረው። ማለትም ጥበቡ እስከ 6ኛ ያደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ኳድ አይሆንም፣ እኔ ደግሞ ይህ ብቻውን በደል ነው አልልም። ቼን በ2018ቱ ኦሎምፒክ በአጭሩ ፕሮግራም 17ኛ ሆኖ፣ በረጅሙ ስድስት ኳድ ዘሎ እስከ 5ኛ ሲወጣ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት።

ጥያቄ፦ ኳድ አክስል 12.5 ብቻ መሆኑ አይገርምም? ከኳድ ሉትዝ በ1 ነጥብ ብቻ ለምን ይበልጣል? ማን ይደክማል ታዲያ?
የቁጥር ሰው

መልስ፦ ይገርማል። አክስል ወደ ፊት እያዩ የሚነሱበት ብቸኛ ዝላይ ነው፣ ስለዚህ ኳዱ አራት ዙር ተኩል ነው። ዩዙሩ ሃንዩ ቤጂንግ ላይ ሞክሮት ወደቀ፣ 4ኛም ሆነ። በውድድር መጀመሪያ ያሳረፈው ኢሊያ ማሊኒን ነው፣ በመስከረም 2022 ሌክ ፕላሲድ ላይ። ዋጋው ድሮ 15.0 ነበር፣ በ2018 ነው የተቀነሰው። በሒሳብ ካየኸው ሉትዙን በ+3 የሚያሳርፍ ሰው 14.95 ያገኛል፣ አክስሉን እንደምንም ያረፈው 12.5። አያዋጣም። ቢሆንም እንዲህ ይቆይ ባይ ነኝ። የሚዘለው ለነጥብ ሳይሆን «እኔ ቻልኩ» ለማለት ነው፣ እንዲህ ላለ ሰው ደግሞ ዋጋ ብትጨምርለትም ባትጨምርለትም ይዘላል። ዋጋው ቢወደድ ግን ዝግጁ ያልሆኑት ሁሉ ጉልበታቸውን ይሰብሩበታል።

ጥያቄ፦ እኔ በ6.0 ዘመን፣ ዳኞች ቢበዛ 6.0 በሚሰጡበት በድሮው ሥርዓት፣ ነው ያደግኩት። ያኔ ጥበቡ ይከበር ነበር። ለምን አይመልሱትም?
አንድ አዛውንት

መልስ፦ ናፍቆትዎ ይገባኛል፣ ከአንድ ነገር አንጻርም ልክ ነዎት። ያኔ በረጅሙ ፕሮግራም የአንድ ዳኛ ድምር ለሁለት ሰው እኩል ከመጣ የአቀራረብ ነጥቡ ነበር የሚለየው። ጥበቡ የመጨረሻ ቃል ነበረው። ግን በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ በጥንዶቹ ውድድር የሆነውን አይርሱ። የፈረንሳይዋ ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል አለች፣ ለካናዳ ጥንዶችም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ፣ በ2004 አዲሱ ሥርዓት ገባ። አንድ ዳኛ 5.8 ሲል ስለ ምን እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር? አሁን ከውድድሩ በኋላ ነጥቡ በዝርዝር ይወጣል፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የትኛው ዳኛ ምን እንደሰጠ ይታወቃል። እስቲ የሚቀጥለውን ውድድር ወረቀት ያግኙና የዝላዩን ትተው ታች ያሉትን ሦስት የኮምፖነንት መስመሮች ብቻ ይመልከቱ። ለአንዱ ስኬተር 9.00፣ 9.00፣ 9.00፣ ለሚቀጥለውም 9.00፣ 9.00፣ 9.25 የሰጠ ዳኛ ካገኙ፣ ስሙን ይያዙልኝና ይጻፉልኝ።