መልስ፦ ሳሞአን የሰበከው ጆን ዊሊያምስ ብቻውን ነው?

ወንድሜ፣ «ሳሞአን ያስተማረው ዊሊያምስ ብቻውን ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊሊያምስ በ1830 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ሳሞአ፣ ሳፓፓሊኢ የምትባል መንደር ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ተመልሷል፤ ሥራውን የያዙት ትቷቸው የሄደው 8 የፖሊኔዥያ (የፓስፊክ ደሴቶች) መምህራን ናቸው። አለቃው ማሊየቶአ ቫይኑፖ እንዲቀበላቸው መንገድ የጠረገው ደግሞ አብሯቸው የመጣው ሳሞአዊ፣ ፋውኤአ ነው።

ዊሊያምስ የመጣበት መርከብ ራሱ ጉድ ነበር። ራሮቶንጋ በምትባል ሌላ የፓስፊክ ደሴት ላይ እሱ ሲሠራው ለብረት ሥራው ወናፍ ጠፋ፤ ፍየል አርዶ ከቆዳው ቢሰፋ አይጥ በላው። በመጨረሻ ከእንጨት ሣጥን አየር የሚገፋ ወናፍ አበጀ። ሸራው ምንጣፍ፣ ገመዱ የዛፍ ልጥ!

ቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሰደደው ግን፣ በእኔ እይታ፣ በ1844 እ.ኤ.አ. እዚያው ሳሞአ፣ ማሉአ በሚባል ቦታ የአገሬው ሰባኪዎች ማሠልጠኛ ሲከፈት ነው። የሳሞአ መጋቢዎች ኋላ እስከ ቱቫሉና ኒው ጊኒ ዘልቀዋል።