ደም አልወጣልሽ ስላለው ጆሮ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ሳምንት ነው ትዝ ያለኝ። ድመትሽ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ሁለት ሳምንት ሆኗል። ሐኪሟ የደሟን ስኳር ራስሽ ቤት ውስጥ ለኪ ብሎሻል። አራት ቀን ሙሉ ጆሮዋን ብትወጊም ደም ጠብ አላለም። እሷም አሁን መለኪያውን ስታይ አልጋ ስር ትገባለች። «ይቅርብኝና የምትጠጣውን ውኃና ሽንቷን እያየሁ ኢንሱሊኗን ብሰጣት አይበቃም ወይ?» ነው ያልሽው።

አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ኋላ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ደሙን እናውጣው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አመዶ የሚባል ድመቴን ለሦስት ዓመት በቀን ሁለቴ የለካሁ ሰው ነኝ፣ በቃ።

ልገምት? ጆሮዋን ሳታሞቂ ነው የምትወጊው። የድመት ጆሮ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጆሮ ጠርዝ ላይ ደግሞ ደም እንደልብ አይደርስም። እኔ ትንሽ ካልሲ ውስጥ ጥሬ ሩዝ ጨምሬ አስረዋለሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ አሞቀዋለሁ። ከዚያ የእጄ አንጓ ላይ አድርጌ እሞክረዋለሁ፤ እኔን ካቃጠለኝ እሱንም ያቃጥለዋል። ለብ ያለውን ካልሲ ጆሮው ላይ ይዤ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ እቆያለሁ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅም ይሆናል፣ ግን ጆሮውን ያረጥበዋል። ውኃ የነካው ደም ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥሽም፣ ስለዚህ አድርቂው።

አሁን ጆሮዋን ከመብራት ፊት ያዢው። ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን ደም ስር ታያለሽ። የምትወጊው እሱን አይደለም። በደም ስሩና በጠርዙ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ቫዝሊን በጣም በስሱ ቀባ አድርጊ። ደሙ ወደ ፀጉሯ ከመስረግ ይልቅ እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ይቆምልሻል። ስሱን ነው ያልኩሽ፤ ቫዝሊኑ ስትሪፑ ውስጥ፣ ማለትም መለኪያው ላይ የሚሰካው ደም የሚስበው ቀጭን ወረቀት ውስጥ፣ ከገባ ስትሪፑ ይበላሻል።

የመውጊያውንም ቁጥር እዪው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ለሰው ጣት የሚሸጡት ብዙዎቹ 30 ወይም 33 ናቸው፤ ላልለመደ የድመት ጆሮ ቀጭን ናቸው። በ28 ጀምሪ፣ ካልሆነም በ26። ወፈር ያለ ያማታል ብለሽ አትስጊ። በቀጭን አምስቴ ከመወጋት በወፈር ያለ አንዴ ይሻላታል። ደግሞ ጆሮ ይለምዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥቃቅን ደም ስሮች እየበዙ ይመጣሉ፤ ያኔ ወደ 30 ትመለሻለሽ። ብዕር የሚመስለውን መውጊያ እኔ ትቼዋለሁ። «ቀጭ» ሲል አመዶ ይበረግጋል። መርፌውን ብቻ በእጄ ይዤ ነው የምወጋው፣ ፈጠን አድርጌ።

ከጆሮው ጀርባ የታጠፈ ጥጥ መያዝ አትርሺ። አንድ ቀን ረሳሁ። መርፌው ጆሮውን አልፎ ጣቴን ወጋኝ፣ እኔ ግን ልብ አላልኩም። የታየችኝን ጠብታ ስትሪፑ ሳባትና 94 አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከ300 በላይ ሲያሳየኝ ለከረመ ሰው 94 ማለት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጣቴን አየሁት፤ ደሙ የኔ ነው። አመዶን እንደገና ስለካው 371። የራሴ ስኳር ደህና መሆኑን አውቄ ገባሁ።

ስትሪፑን ከመውጋትሽ በፊት መለኪያው ላይ ሰክተሽ አዘጋጂ። ጠብታዋ ስትወጣ የስትሪፑን ጫፍ ከጎን አስጠጊላት፣ ራሱ ይስባል። ብዙ ደም አይፈልግም፤ የስፒል ራስ ታህል ትበቃለች። ደሙ ካነሰ ከጆሮዋ ስር ወደ ጠርዙ በቀስታ ግፊ ግፊ አድርጊ። ስትጨርሺ ጥጡን ግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን ብለሽ ያዢው፤ አለዚያ ይጠቁርና በማግስቱ ስትነኪው ያማታል።

አሁን ወደ አልጋው ስር እንምጣ፣ ለእኔ ከደሙ የባሰ ችግር እሱ ነው። ከዚያ ጎትተሽ አታውጫት። መደበቂያዋን ካጣች ሌላ ጊዜ እጅሽን ስታይ ትሸሻለች። ፍርሃት ደግሞ የድመትን ስኳር ሽቅብ ይሰደዋል። ጤነኛ ድመት እንኳ ክሊኒክ ውስጥ ስትፈራ ከ200 በላይ ልታሳይ ትችላለች፤ ተረጋግታ ቤቷ ስትለካ ግን ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 150 ባለው ውስጥ ናት። ቤት ለኪ የተባልሽው ለዚህም ጭምር ነው። እያባረርሽ ይዘሽ ከለካሻትማ ክሊኒኩን ቤትሽ አመጣሽው ማለት ነው።

እኔ ለጥቂት ቀናት ያለ መርፌ ነው ያለማመድኩት። አንድ ቦታ መረጥኩ፣ ከሚተኛበት ራቅ ያለ። ካልሲውን አስነካው፣ ጆሮውን ዳበስ አደርገውና ጨው የሌለው የተቀቀለ ዶሮ ቁራሽ እሰጠዋለሁ። አለቀ፣ ይሂድ። መውጋት ስጀምርም ደም ወጣም አልወጣም ዶሮዋ አትቀርም። ሁለቴ ወግቼ ካልሆነ ትቼ እነሳለሁ፣ ሦስተኛ የለም። በሦስተኛው ሳምንት የመለኪያው ሳጥን ሲከፈት ሰምቶ እየሮጠ ይመጣ ጀመር። የዋሸሁሽ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ።

እንግዲህ ውኃና ሽንት ለምን አይበቃም? ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው የደሙ ስኳር 250 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ድመቷ ብዙ የምትጠጣውም በዚሁ የተነሳ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከውኃ ሳህኗ አንጻር አንድ ነው። 140ም ቢሆን 45ም ቢሆን ውኃው እኩል ይጎድላል። 45 ላይ ኢንሱሊን ብትሰጫት ግን የወረደውን ስኳር የበለጠ ያወርደዋልና ልትገድያት ትችያለሽ።

አንድ ጠዋት አመዶ እግሬን እየታከከ ምግብ ጠየቀኝ። ደህና ነበር፣ እንዲያውም ከወትሮው ነቃ ብሏል። ኢንሱሊኑን ሲሪንጅ ውስጥ ስቤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መለካቱን ለመዝለል ዳድቶኝ ነበር፣ ሥራ ረፍዶብኛል። ለማንኛውም ብዬ ስለካው 58። ስትሪፑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩ፣ 61። ለሐኪሙ ደወልኩ። «እንዳትወጋው፣ አብላው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድጋሚ ለካው» አለኝ። ሲሪንጁን ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ሲሪንጅ አላነሳም። መጠኑም በዚያው ሳምንት በሐኪሙ ተቀነሰ። ሕክምናውና ምግቡ ሲስማማቸው ቆሽታቸው እንደገና ራሱ ኢንሱሊን መሥራት የሚጀምር ድመቶች አሉ፤ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ሊበዛባቸው ይችላል።

ከተንገዳገደች፣ ከደከመች፣ ዓይኗ ፈዞ ከቀረ ወይም ከተንቀጠቀጠች ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ጊዜ አታባክኚ። ድዷ ላይ ማር ወይም የስኳር ሽሮፕ ቀቢና ወደ ሐኪም ሩጪ። አፏ ውስጥ ግን ፈሳሽ አትጨምሪ፣ ያንቃታል። እየተንቀጠቀጠች ከሆነ ጣትሽን ከጥርሷ አርቂ።

ስለ መለኪያው፦ የሰው መለኪያ የድመትን ደም ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። እንደ አልፋትራክ ያሉት ለእንስሳት የተሠሩ ናቸው። እኔ የምጠቀመው የሰውን ነው፤ ስትሪፑ በቀላሉ ይገኛል። የትኛውንም ያዢ፣ ግን አንዱን ብቻ፣ ሐኪሟም የትኛው እንደሆነ ይወቅ። ሌላ ሰው «የእኔ ድመት 6 ናት» ቢልሽ አትደንግጪ። እሱ ሚሊሞል በሚባለው ሌላ መስፈሪያ ነው የሚያወራው፣ የእኔ ቁጥሮች በሚሊግራም ናቸው፤ በ18 አባዢው፣ 108 ይሆናል።

በአንድ ቁጥር ተነስተሽ መጠን አትቀይሪ። ሐኪሟ ከርቭ ሥሪ ሊልሽ ይችላል፤ በየሁለት ሰዓቱ ለ12 ሰዓት መለካት ማለት ነው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አትያዢ። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ዝቅተኛው ቁጥርና የወረደበት ሰዓት ነው። ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፦ ሲሪንጁ ከኢንሱሊኑ ጠርሙስ ጋር መግጠሙን አረጋግጪ። ጠርሙሱ በሚሊሊትር 40 ዩኒት (U-40) የሚል ከሆነ ሲሪንጁም የ40 ይሁን። ከ100ው ጋር ከተምታታ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሳሳታል።

ጆሮዋ ጨርሶ እምቢ ካለ የመዳፏ ትልቁ ትራስ ጠርዝም ደም ይሰጣል። አንዳንድ ሐኪሞች ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ እስከ 14 ቀን የሚያነብ መሣሪያ ያደርጉላቸዋል። የአመዶ በአምስተኛው ቀን ወልቆ ሶፋ ስር ተገኘ።

ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውይና መለካት ባልቻልሽባቸው ቀናት ኢንሱሊኑን ምን ላድርገው ብለሽ ጠይቂ፣ በራስሽ አትወስኚ። ከዚያ ካልሲውን አዘጋጂ። የያዝሽው መውጊያ ላይ ስንት ቁጥር እንደተጻፈም አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ።