ፊልሙ ከጎረቤት ሲመጣ፦ ጥያቄና መልስ

ሰው በፈለገው ሰዓት የሚከፍተውን ፊልም ሙሉውን ከሩቅ ሰርቨር (ፊልሙን ከሚያከማች ትልቅ ኮምፒውተር) ከማምጣት፣ ከፊሉን ከጎረቤት ሪሲቨር መውሰድ ይቻላል ብዬ ነበር። ከልደታ፣ ከካዛንቺስና ከአራት ኪሎ ጥያቄ ጎረፈ። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ በአጭሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ፊልሙ በትናንሽ ቁራጭ ይከፋፈልና በየቤቱ ሪሲቨር ሃርድ ዲስክ ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀመጣል። እርስዎ ሲከፍቱት የአገልግሎቱ ማዕከል የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ ይጠቁማል፤ ሪሲቨርዎ ከየቤቱ ይለቅማል። የጎደለውን ሰርቨሩ ይሞላል። ሰፈር ውስጥ አንዱ ፊልም በፍላሽ ካስጫነ ሌላው ከእሱ ይገለብጥ የለ? ያው ነው፤ እዚህ ግን በር ማንኳኳት የለም።

ጥያቄ፦ ምን አስፈለገ? ቲቪ እኮ ለሁሉም ይደርሳል።

መልስ፦ የዲሽ ስርጭት አንዴ ይለቀቃል፤ ስንት ቤት ቢያየው ያው አንድ ነው። በፈለጉት ሰዓት የሚከፈት ፊልም ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ይላካል። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚፈልግ የ2 ሰዓት ፊልም 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 100 ቤት ቢያየው 450 ጊጋባይት። ለአንድ ፊልም! ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ ደግሞ፣ የባሕር በር ስለሌለን፣ መስመሩ የሚገባው በጎረቤት አገር በኩል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ብክነት ነው።

ጥያቄ፦ የቤቴ ኢንተርኔት ማውረዱ ደህና ነው፣ መላኩ ግን ይጎተታል። ለጎረቤት ምን ልተርፍ?

መልስ፦ ዋናውን ነገር ጠየቅህ ወንድሜ። በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል በሴኮንድ እስከ 24 ሜጋቢት ሊያወርድ ይችላል፤ የሚልከው ግን 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ያንን ፊልም እንዲያይ ቢያንስ 5 ጎረቤት ተባብሮ መላክ አለበት። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ቲቪ ፊት ሲቀመጥ አይበቃም። መፍትሔው ብዙ ሰው የሚያያቸውን ፊልሞች ሌሊት፣ መስመሩ ጭር ሲል፣ ቀድሞ በየሪሲቨሩ ማስቀመጥ ነው።

ፋይበር ይሻላል። በብዛት የሚሠራበት የፋይበር ዓይነት፣ ጂፖን፣ በሴኮንድ 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል፣ 1.25 ጊጋቢት ይልካል፤ ይህንን ግን ለምሳሌ 32 ቤት ይካፈለዋል። ደግሞ ልብ በል፦ ጎረቤትህ ከግድግዳው ወዲያ ቢሆንም ቁራጩ መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት ኦፕሬተሩ ጣቢያ ወጥቶ ነው ተመልሶ የሚወርደው። ስለዚህ የሚቃለለው ከጣቢያው ወዲያ ያለው ረጅሙ መስመር ነው። የሰፈሩ መስመር ጫናው አይቀንስለትም።

ጥያቄ፦ ፓኬጄን አይበላብኝም?

መልስ፦ በሞባይል ዳታ ከሆነ ይበላል፤ እዚያ ላይ መከፈት የለበትም። ገደብ በሌለው የቤት መስመርም ቢሆን ባለቤቱ ሳይፈቅድ መጀመር የለበትም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፕሌየርን፣ ዝግጅቶቹ በኢንተርኔት የሚታዩበትን አገልግሎት፣ ሲጀምር ዝግጅቶቹን የሚያወርደው በዚሁ ተመልካቾችን እርስ በርስ በማካፈል መንገድ ነበር። ፕሮግራሙ ከጀርባ ሆኖ የሰዉን መስመር ለመላክ ስለሚጠቀም ብዙ ቅሬታ ገጠመው፤ በ2008 መጨረሻ ተወው። የእኛም ኦፕሬተሮች ከዚህ ቢማሩ ደስ ይለኛል። መስመሩን ለሚያካፍል ሰው ወርሃዊ ክፍያ ቢቀነስለት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ እማማ፣ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ አብሮ ነው የሚጨልመው። ስለዚህ አንዱ ቁራጭ በአንድ ሰፈር ብቻ መቀመጥ የለበትም። ልደታ ቢጠፋ ካዛንቺስ ያለው ይልካል። እሱም ከሌለ ሰርቨሩ አለ።

ጥያቄ፦ ከቶረንት በምን ይለያል?

መልስ፦ ቶረንት፣ ሰዎች ፋይል በቁራጭ እርስ በርስ የሚለዋወጡበት መንገድ፣ ብዙ ሰው እጅ የሌለውን ቁራጭ ያስቀድማል። ፊልም እያየህ ግን ቀጣዩን ደቂቃ አሁኑኑ ትፈልጋለህ። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከሰርቨር ማምጣት የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ጎረቤት የተበላሸ ፋይል ቢልክብኝስ?

መልስ፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ከይዘቱ የሚሰላ የራሱ መለያ አለው። የደረሰው ቁራጭ መለያ ማዕከሉ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ይጣላል።

ጥያቄ፦ ዲሽ ብቻ ያለኝ እኔስ?

መልስ፦ ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ ስለዚህ ለጎረቤት ማካፈል አትችዪም እህቴ። ሪሲቨርሽ ሃርድ ዲስክ ካለው ግን የቴሌቪዥን ጣቢያው ሌሊት ፊልም ሊጭንበት ይችላል። በማግስቱ በፈለግሽው ሰዓት ትከፍቺዋለሽ።