ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ ለካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ማመልከት

ሰላም እህቴ። ሌላውም እንዲከታተለው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀድም፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ትኖሪያለሽ፣ ኮዬ ፈጬ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነሽ፣ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስሽን በ3.62 ጨርሰሻል። አሜሪካ ፒኤችዲ መማር ትፈልጊያለሽ፤ አንድ ኤጀንሲ ደግሞ «ሙሉ ፕሮሰሱን እንጨርስልሻለን» ብሎ ገንዘብ ጠይቆሻል። መልሴ ማመልከት ትችያለሽ፣ ለኤጀንሲው ግን አትክፈይ ነው። ለፒኤችዲ የሚመርጡሽ ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሚያነቡትም የአንቺን ሐሳብ ነው፣ ይህን ማንም ሊጨርስልሽ አይችልም። አማካሪ ከፈለግሽ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው አገልግሎት አዲስ አበባ አለ፤ መረጃ የሚሰጠው በነፃ ነው።

ዋናው ነገር አመራረጡን ማወቅ ነው። አንድ ፕሮግራም በዓመት የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ያነሰ ሰው ነው፤ በብዙዎቹ ዘንድ ደግሞ የምትገቢው በአንድ መምህር ስር ነው። ያ መምህር አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ይወስዳል፣ ምንም የማይወስድበት ዓመትም አለ። ፋይልሽን ሲከፍት የሚጠይቀው «ይህች ልጅ እኔ በምሠራው ጉዳይ ላይ አምስት ዓመት አብራኝ ልትሠራ ትችላለች ወይ?» ብሎ ነው። 3.62 ከመጀመሪያው ማጣሪያ ያሳልፍሻል እንጂ አያስመርጥሽም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ በስሙ አትምረጪ፤ መጀመሪያ ሰው ፈልጊ፣ ከዚያ ያለበትን ፕሮግራም። በየመምህሩ ገጽ ላይ በመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ካልጻፈ አምስት ስድስት መስመር ኢሜይል ይበቃል፦ ማን እንደሆንሽ፣ ከሥራዎቹ የትኛውን እንዳነበብሽ፣ ምን ማጥናት እንደምትፈልጊ፣ ተማሪ ይወስድ እንደሆነ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ለመምህር ቀድሞ መጻፍን አይፈልጉም፤ ገጻቸው ላይ ይነግሩሻል፣ አክብሪላቸው።

ስማቸው የሚመሳሰሉ መንገዶች አሉና አትደናገሪ። በኤፒኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር፣ እውቅና ያለው የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ወደ ሳይኮሎጂስትነት ፈቃድ የሚያደርስ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ትምህርትና የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል፣ በተግባር አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ማስተርስሽ ጥቂት ኮርስ ሊያስቀንስልሽ ይችላል፣ ብዙ ዓመት ግን አይቀንስም። ካውንስለር ኤጁኬሽን ኤንድ ሱፐርቪዥን የሚባለው ፒኤችዲ ሌላ ነው፤ እውቅናውን የሚሰጠው ካክሬፕ የሚባለው የአሜሪካ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞች መዛኝ ተቋም ነው፣ የሚያወጣውም የካውንስለሮችን መምህርና ሱፐርቫይዘር ነው። ሐሳብሽ ተመልሰሽ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና የትምህርት ቤት አማካሪዎችን ማሠልጠን ከሆነ ይህኛው ይበልጥ ይስማማሽ ይሆናል፤ በቁም ነገር እዪው። ሳይዲ የሚባለው፣ ከምርምር ይልቅ ለሕክምና ሥራ የሚያዘጋጀው የሳይኮሎጂ ዶክትሬት፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ከኪስ ነው። እንግሊዝ አገር ያለው የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ዶክትሬትም በአመዛኙ በራስ ወጪ ነው፤ በዚያ ላይ ከብሪቲሽ ሳይኮሎጂካል ሶሳይቲ የመጀመሪያ ዲግሪሽ ብቁ ነው መባል አለበት።

ኤፒኤ እውቅና የሰጠው ፕሮግራም ሁሉ የተማሪ ቅበላና ውጤት ሰንጠረዥ ድረ ገጹ ላይ እንዲያወጣ ይገደዳል። ተማሪው በስንት ዓመት ጨረሰ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ስንቱ ኢንተርንሺፕ አገኘ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ማመልከቻ ከመክፈትሽ በፊት እሱን አንብቢ። ብዙ የውጭ አገር ተማሪ የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኢንተርንሺፕ ቦታዎች ትልቅ ድርሻ የያዘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሥርዓት ነው፣ እዚያ ለመግባት ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከዚህ በፊት የውጭ ተማሪዎቹን የት እንዳስገባ ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ ወደ ሌላ ፕሮግራም እለፊ።

አሁን ወደ ስቴትመንቱ፣ ማለትም ስለ ራስሽና ስለ ምርምር ሐሳብሽ ጽፈሽ ከማመልከቻው ጋር ወደምታስገቢው ጽሑፍ። ከእኛ አገር የሚጻፈው አብዛኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ። በአገራችን ለአእምሮ ጤና የተሰጠው ትኩረት አነስተኛ ነው።» ውሸት የለበትም፣ ግን ሺህ ሰው ሊፈርምበት ይችላል። አንቺ የምትሠሪበትን ቦታ እይው። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂን ከክሊኒካል የሚለየው አንዱ ነገር የሙያ ምርጫንና የሰውን ጥንካሬ ከጥንት ጀምሮ ማጥናቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ለአሜሪካዊ መምህር ይህ አዲስ ነገር ነው። እንግዲህ እንዲህ ብትጽፊስ፦ «የምሠራው ከመሐል ከተማ ተነሥተው በአዲስ አበባ ዳር ኮንዶሚኒየም ከገቡ ቤተሰቦች ልጆች ጋር ነው። ፈተናውን ያላለፈ ወጣት ስለ ወደፊት ሥራው ያለው ተስፋ እንዴት እንደሚቀየር፣ ከቤተሰብ ድጋፍ የትኛው እንደሚያተርፈው ማጥናት እፈልጋለሁ።» ቀጥሎ ማስተርስ ላይ የሠራሽውን አስገቢ፦ ስንት ሰው፣ በየትኛው መለኪያ፣ መለኪያው ወደ አማርኛ እንዴት ተመለሰ፣ በምን ተነተንሽው፣ ጥናቱ ያልመለሰው ምን ቀረ። ከቀረው ጥያቄ ተነሥተሽ ወደ መምህሩ ሥራ ተሻገሪ። ይህ ክፍል ለየፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም በስሕተት ሳይሰረዝ የቀረበት ፋይል የሚጣለው ወዲያው ነው።

የራስን ቁስል መዘርዘር ይቅርብሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ ቅበላ ኃላፊዎችን አመልካችን ምን እንደሚጥለው ጠይቆ ነበር፤ ከመልሶቹ አንዱ ስለ ግል የአእምሮ ጤና ችግር ከልክ በላይ መተረክ ነበር። የተማሪዎችሽን ታሪክ ስትጽፊም ሰፈሩ ሰምቶ የሚለየው ልጅ እንዳይኖር ተጠንቀቂ። ምስጢር ጠባቂነትሽን ከዚህ ይመዝናሉ።

ሪኮመንዴሽን ሦስት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ሁለቱ ምርምርሽን ከሚያውቁ መምህራን ይሁን። እኛ ጋ የተለመደው «ጠባየ መልካም፣ ታታሪ» የሚል ግማሽ ገጽ ምንም አይጠቅምም። ቀነ ገደቡ ሁለት ወር ሲቀረው ሲቪሽን፣ የስቴትመንትሽን ረቂቅ፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝርና ቀን፣ «ከእርስዎ ጋር የሠራሁት ይህን ነበር» የሚል አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተሽ ስጫቸው። ደብዳቤውን የሚያስገቡበት ሊንክ የሚሄደው በቀጥታ ለእነሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል፤ ደውለሽ አስታውሺ። የሚቻል ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን ይጠቀሙ፣ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። «ራስሽ ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ካሉሽ በአክብሮት ማስታወሻውን አሳዪያቸው እንጂ አትጻፊው፤ ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው አጻጻፍ ሲመጣ ይታወቃል።

ሰነድ ላይ ጊዜ የሚበላው ሬጅስትራር ነው። ስቱደንት ኮፒ ለማመልከቻ ሊበቃ ይችላል፤ ስትገቢ ግን ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ይፈለጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነና ኮስት ሼሪንግሽ ካላለቀ ኦሪጅናሉ አይለቀቅልሽም፣ ከወዲሁ ጨርሺው። ስምሽ ዲግሪው ላይና ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ማመልከቻውን በፓስፖርቱ ሙዪና ልዩነቱን በአጭር ደብዳቤ ግለጪ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነም ተመሳሳይ ማብራሪያ አያይዢ፤ አለበለዚያ ከእውነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድመሽ የተመረቅሽ ይመስላል።

ብዙዎቹ የሚዘጉት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ገደማ ነው፣ ማለትም ኅዳር 22። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ የሚጠይቅ ካለ ብቻ ውሰጂ። የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ፣ የቶፍልና የአይኤልትስ፣ ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፣ ስለዚህ በጣም አትቸኩዪ፤ መስከረም ላይ መፈተን ይበቃል። የማመልከቻ ክፍያ ለአንድ ቦታ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይደርሳል፤ ስምንት ቦታ ስታባዢው ከባድ ነው። ነፃ እንዲያደርጉሽ ሳታስገቢ በፊት በኢሜይል ጠይቂ፣ ከከፈልሽ በኋላ ገንዘቡ አይመለስም።

ቃለ መጠይቁ ጥርና የካቲት ላይ በዙም ነው። በዚያ ወቅት ኒው ዮርክ ከእኛ በ8 ሰዓት፣ ቺካጎ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ በኒው ዮርክ ከቀኑ 1 ፒኤም ሲባል ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ነውና ላፕቶፑንና ስልኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ ዋይፋዩ ቢቋረጥ በስልክ ዳታ መቀጠል መቻልሽን ቀድመሽ ሞክሪው። ከሚጠይቁሽ አንዱ ከራስሽ ባህል ወይም እምነት የተለየ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደምታደርጊ ነው፤ በዚህ ሙያ ይህ ዋና ነገር ስለሆነ ከሥራሽ ምሳሌ ይዘሽ ግቢ።

ከተቀበሉሽ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ እንድትሰጪ የሚጠብቁት እስከ ኤፕሪል 15፣ ሚያዝያ 7 ነው፤ ከዚያ በፊት እንድትፈርሚ ቢጫኑሽ ጊዜ የመጠየቅ መብት አለሽ። ሁለት ቦታ ካገኘሽ የማትፈልጊውን ቶሎ ልቀቂ፣ በተጠባባቂነት የሚጠብቅ ሰው አለ። «ሙሉ ፈንድ» ሲሉሽ ትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይነሣ እንደሆነ፣ የጤና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል፣ ደመወዙ የ9 ወር ነው ወይስ የ12፣ ከስንተኛ ዓመት በኋላ እንደሚቆም በጽሑፍ አስመልሺ። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የዩኒቨርሲቲው ቅጽ፣ አይ 20፣ የሚሰጥሽ በዚያ የፈንድ ደብዳቤ ነው፤ ለቪዛ ቃለ መጠይቅም የምትይዢው እሱን ነውና ቁጥሮቹ በግልጽ የተጻፉበት ይሁን።